ባለ ሁለት ወንበሯ መኪና

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ወልድያ ላይ ትንሽ ግብዣ አድርገውልኝ ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ፣ "ጋሼ፣ በደርግ ጊዜ የስፖርት መኪና ይነዱ ነበር የሚባለው እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና የሚያስቅ የሚያስቀውን አወራሁላቸው፤ የገበያ አህያ እንዴት እንደሚደነብርባት፣ በክረምት ከጣሪያዋ የሚያፈሰውን ውሃ በጉሉኮስ ቱቦ እንዴት ወደ ውጭ አስወጣው እንደነበር። ሳቁ ሲበርድ ነገሩን እዚያው ላይ ተውሁት። የቀረው ለግብዣ የሚሆን አልነበረም። አሁን ቤት ተቀምጫለሁ፤ ጊዜም አለኝ፤ የቀረውን ልጻፈው።

ሥራ የጀመርሁት በጤና ረዳትነት ነው። መጀመሪያ የተመደብሁት ሐራ ነበር፤ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት፣ ቆርቆሮዋ ቀን ቀን እንደ ምድጃ የሚግል ክሊኒክ። ወባን እዚያ ተዋወቅሁት። ከዚያ ወልድያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቅጽ ስሞላ ጥቂት ጊዜ ቆየሁና መርሳ ላለች ክሊኒክ ኃላፊ ሆኜ ተዛወርሁ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለ፤ ጭንቀቴ ግን ከዚያ በላይ ከፍ አለ። እናቴ ወልድያ ውስጥ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ ተኝታ ነበር። ቀን ጎረቤት ያያታል፤ ማታ ግን ከኔ በቀር ሰው የላትም። ስለዚህ በየቀኑ መመላለስ ነበረብኝ። አውቶቡሱ ደግሞ ሲሞላ ነው እንጂ በሰዓት አይነሣም፤ ኬላ ላይ ፍተሻ ሲጨመርበት አንዳንድ ቀን ክሊኒክ የምደርሰው ግማሹ በሽተኛ ተስፋ ቆርጦ ከተመለሰ በኋላ ነው።

እኔ በማልደርስበት ሰዓት ክሊኒኩን የሚይዙት ጋሽ እሸቴ ነበሩ። ድሬሰር ናቸው። በጽዳት ሠራተኝነት ሆስፒታል ገብተው፣ ቁስል አጣቢ ሆነው፣ የሐኪም እጅ እያዩ የተማሩ ሰው ናቸው። እኔ ወረቀት ስለነበረኝ አለቃቸው ሆንሁ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት መዳፎቻቸውን ያፋትጋሉ፤ በዚያ በመርሳ ሙቀት እንኳ አይተዉትም። "ቀዝቃዛ እጅ ሆድን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሆድ ደግሞ ይዋሻል" ይሉኝ ነበር። በሽተኛው መሬት ላይ ከተኛ እሳቸውም መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከገጠር ሰው ተሸክመው የመጡትን መጀመሪያ የሚጠይቋቸው "እህል ቀምሳችኋል?" ብለው ነው፤ ያልበላ ተሸካሚ ወልድያ ድረስ ቀጥል ቢባል እንደማይዘልቅ ያውቃሉ። ጠዋት በሽተኛ ሳይገባ የክሊኒኩን ቃሬዛ ከግድግዳ ያወርዱና ጠፍሩን አንድ በአንድ ይስቡታል። ለበሽተኛ ቤተሰብ "ትድናለች" ሲሉ አንድም ቀን አልሰማሁም። "የምንችለውን እናደርጋለን" ነው የሚሉት።

መኪናዋን ያገኘኋት መድኃኒት ልረከብ ደሴ በሄድሁበት ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ግንበኛ አገር ለቆ ሊሄድ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የግንብ መሣሪያው ሁሉ ተሽጦ እሷ ብቻ ግቢው ውስጥ ቀርታለች። ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና። ኮፈኗን ፀሐይ አመድ አስመስሎታል። ከመቀመጫዎቹ ኋላ ቦርሳ የምታስቀምጥ ጠባብ ቦታ አለች፤ ሌላ ምንም የለም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል።

"ስንት ጊዜ ነው የሞላው?" ብዬ ጠየቅሁት።

ትከሻውን ሰበቀ። "እኔ የማውቀው አንዱን ነው" አለኝ። እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛት።

የጠየቀኝ ዋጋ ከአንድ ደህና በቅሎ ብዙም አይበልጥም። ለቤተሰብ አትሆን፣ ዕቃ አትጭን፣ መለዋወጫ የላት፤ ማንም አልፈለጋትም። እኔ የምፈልገው ጠዋት ወስዳኝ ማታ እናቴ ዘንድ የምትመልሰኝ ነገር ነው። ለሰው የምናገረው ይህን ነበር፤ ውሸትም አይደለም። ግን ወንበሯ ላይ ተቀምጬ መሪዋን ስይዝ ልቤ ዘለለ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እስከዚያ ቀን የራሴ የምለው ነገር አንድ ብስክሌት ነው።

ወልድያ አምጥቼ ለመካኒክ አሳየኋት። ኮፈኗን ከፍቶ፣ ሞተሯን አስነሥቶ፣ የብረት ዘንግ ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። ዘይቷን በጣቱ አሻሸው፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። ልክ ጋሽ እሸቴ በሽተኛ ሲያዩ እንደሚያደርጉት አይቸኩልም።

"ብዙ ሮጣለች፤ ግን ጨዋ እጅ ነው የነዳት" አለኝ። "አንድ ችግር አለባት። የቴስታታዋ ጋርኒሲዮን እያለቀ ነው፤ ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚያሽገው እሱ ነው። ለዚህ ነው ውሃ የምትጠጣው። ሜዳ ላይ ምንም አትልህም። ዳገት ላይ ካጣደፍሃት ግን ትፈላለች። ጋርኒሲዮኑን ከአዲስ አበባ አስመጣና ልቀይርልህ።"

"አስመጣለሁ" አልሁት። አንድ ጊዜ ሰው ላክሁ፤ የለም ተባልሁ። ከዚያ በኋላ ተውሁት። ሁለት ጀሪካን ውሃ ከመቀመጫዬ ኋላ መያዝ ለመድሁ፤ ጠዋት ስነሣ አጠጣታለሁ፤ ማታ ስመለስ አጠጣታለሁ፤ ከብት እንደ ማርባት ሆነ።

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አስነሣኝ። "ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ በእግሩ ሲሄድ አንተ በከበርቴ መኪና ስትንፈላሰስ ምን ይሰማሃል?" አለኝ። ከመኪናዋ የእሱ ሬዲዮ ይወደዳል ልል ነበር፤ "በሰዓቱ ሥራ እንድገባ ነው፤ ስሕተት ከሆነ እቀበላለሁ" ብዬ ተቀመጥሁ። በሳምንቱ ራሱ ኃላፊው "እስቲ መርሳ ድረስ አድርሰኝ" አለኝ፤ መንገዱን ሙሉ ሲስቅ ሄደ። ጋሽ እሸቴም አንድ ቀን ተሳፍረው ነበር። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተጣጥፈው ሄዱ። ሲወርዱ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና፣ "ጥሩ ናት፤ ለጤነኛ ሰው" አሉኝ።

ሁለት ዓመት በደንብ አገለገለችኝ። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ እየቆጠብሁ እነዳለሁ። የመንገዱ ሰው ስም አወጣላት፤ "ጥይቷ" ይሏታል። አንድ ጊዜ እባብ የነደፈው ሰው ከመርሳ ወልድያ ሆስፒታል በሰዓቱ አድርሻለሁ፤ ሰውየው ድኖ ማር ይዞልኝ መጣ። ያ ማር ነው ያበላሸኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ከመርፌውና ከመድኃኒቱ ጋር እንደ ሥራ ዕቃ ቆጠርኋት። ስለ ጋርኒሲዮኑ ግን አላሰብሁም።

የመርሳ ገበያ ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ። ግራና ከሚባለው አገር በኩል ሐዋ የምትባል ሴት በቃሬዛ አመጡ። ሌሊቱን ስታምጥ አድራ ጎሕ ሲቀድ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደም ይፈሳታል። ሕፃኗን አያቷ ዘንድ ትተዋታል። ባሏ ይማም የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ይዞ መጥቷል፤ ካወረዳት በኋላም እጁ አልዘረጋ ብሎት ጣቶቹ እንደታጠፉ ነበሩ።

ጋሽ እሸቴ መዳፋቸውን አፋትገው ሆዷን ያሹ ጀመር። እኔ ጉሉኮስ ሰካሁ፤ ማሕፀን የሚያኮማትረውን መርፌም ወጋኋት። የእንግዴ ልጁ ንቅንቅ አላለም። የዐይኗን ሽፋን ገልብጬ አየሁት፤ ነጭ ነው። ቢሆንም እግሯን ከፍ አድርገን ስላስተኛናት ትናገራለች፤ ጋሽ እሸቴ ሆዷን ጨብጠው ሲይዙ ደሙ ቀነስ ይላል።

ጋሽ እሸቴ እጃቸውን ሳያነሡ አጠገባቸው ጠሩኝ።

"ወልድያ የሚሄደው የእህል ጭነት መኪና ገበያው ላይ ማሽላ እየጫነ ነው" አሉኝ። "ሰው ልኬ ሹፌሩን አስጠይቄዋለሁ፤ ቢበዛ በግማሽ ሰዓት ይነሣል። ጆንያው ላይ ፍራሽ አንጥፈን እንዲህ እንደተኛች እንወስዳታለን። እኔም ሆዷን እንደያዝሁ አብሬ እሄዳለሁ።"

"ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሰዓት መንገድ? በኔ መኪና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወልድያ ናት።"

"ያንተ መኪና ሰው ታስቀምጣለች እንጂ አታስተኛም። ደም የፈሰሰው ሰው ቀና ሲል ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ ጋሽ እሸቴ። ግን ደሙ እየፈሰሰ እኮ ነው።"

"መንገድ ላይ ሆዷን ማን ይይዝላታል?"

"አለቃው እኔ ነኝ" አላልሁም፤ ቁልፉን ግን ከኪሴ አወጣሁ። ያው ነው። በደብተር የተማርሁ ሰው ነኝ፤ በልምድ የተማሩትን ሰው ዝም አሰኘኋቸው።

ወጥቼ መኪናዋን በሩ ላይ አስጠጋሁና ሐዋን ተሸክመን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት። ወንበሩ ወደ ኋላ አይዘነብልም። በጋቢ ጠቅልለን በነጠላ አሰርናት፤ የጉሉኮሱን ጠርሙስ በፋሻ ከላይ ሰቀልሁት። ይማም በሩን ይዞ፣ "ሐኪም፣ እኔስ?" አለኝ።

"ለሦስተኛ ሰው ቦታ የለም። በእህሉ መኪና ተከተለን።"

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ከገበያው ሕዝብ መካከል ጡሩንባ እየነፋሁ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ስደርስ ረገጥኋት። ሐዋ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፍናለች። ትንሽ እንደሄድን፣ "ይማም አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"አይታየኝም።"

"ከኋላችን ነው፤ ለዚያ ነው" አልኋት። ወደ ኋላ መዞር እንደማትችል አውቄ ነው ያልኋት።

አንድ እጄ መሪው ላይ፣ አንድ እጄ የእጇ ሥር ላይ ነበር። ማርሽ መቀየር ሲያስፈልግ እጇን እለቃለሁ፤ መልሼ ስይዘው የልብ ምቷ ቀጥኖ ይጠብቀኛል። ሲሪንቃን አልፈን ወደ ወልድያ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር የሙቀት መለኪያው መርፌ ሲነሣ አየሁ። ያን ጊዜ እግሬን ማንሣት ነበረብኝ። ቀስ ብዬ ብነዳት ምናልባት ትወጣ ነበር፤ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ወልድያ የደረስሁ መስሎኝ ጨመርሁባት። መርፌው ጫፍ ነካ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳል አለና ቀጥ አለ።

ዘልዬ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። ጀሪካኑ በእጄ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግን በዚያ ፍላት አይከፈትም። በጨርቅ ሞከርሁ፤ እጄን ተቃጠልሁ። ወደ እሷ ስመለስ ከንፈሯ ሌላ ቀለም ይዟል። ነጠላውን ፈትቼ አቀፍኋትና ከመንገዱ ዳር ጋቢዋ ላይ አስተኛኋት፤ እግሯን ከፍ አደረግሁ፤ ሆዷን ጨብጬ ያዝሁ። ጋሽ እሸቴ እንዳሉት ያስተኛኋት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጊዜ ዐይኗን ገለጠች። "ይማም" አለች፤ ለመጠየቅ ሳይሆን እንደ መጣራት ነው። አቤት የሚል የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጄ ሥር ያለው ሆዷ መነሣት መውረዱን አቆመ። ቀን ነበር፤ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ መኪና ብርቅ ነው፤ አንድም አላለፈም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈንሁና አጠገቧ ተቀመጥሁ።

የእህሉ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲመጣ ከሩቅ ሰማሁት። ከማሽላው ጆንያ ላይ ይማምና ጋሽ እሸቴ ነበሩ። ጋሽ እሸቴ ፍራሹን ይዘውት መጥተዋል፤ ምናልባት መንገድ ላይ ያስፈልግ እንደሆነ ብለው አንጥፈው፣ በእግር በኩል ጆንያ ሥሩ ከተው ከፍ አድርገውታል። ሁለቱም ነጠላውን አዩ። መኪናው ሳይቆም ይማም ዘለለ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለና ተንበረከከ። ፊቷን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈናት። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር፣ "ምን አለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ስምህን ጠራች። አለ ወይ አለችኝ።"

"አንቱስ ምን አሏት?"

"ከኋላችን ነው አልኋት።"

"ነበርሁ" አለ። "ከኋላችሁ ነበርሁ።"

ሹፌሩ ወልድያ የሚጠበቅ ጭነት ይዞ ሳለ መኪናውን ወደ መርሳ አዞረ። ሐዋን በዚያ ፍራሽ ላይ አስተኝተው መለሷት። ጋሽ እሸቴ ከመውጣታቸው በፊት የተቃጠለውን እጄን አይተው ከቦርሳቸው ፋሻ አውጥተው ጠቀለሉልኝ። እኔ ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ። ስትበርድ ውሃ ሞላኋት፤ ተነሣች። በዚያ ቀን መነሣቷ አናደደኝ።

በማግስቱ ጋሽ እሸቴ መዝገቡን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ከፈቱት። "የእሷን አንተ ጻፍ" አሉኝ። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ቀበሌዋን፣ ሰዓቱን ጻፍሁ። "ወደ ሆስፒታል በመወሰድ ላይ ሳለች በደም መፍሰስ" ብዬ ጨረስሁ። አንብበውት መዝገቡን ዘጉና ቃሬዛቸውን ሊያዩ ሄዱ። ከዚያም በኋላ አንድ ቀን እንኳ "ብዬህ ነበር" አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ እፈልግ ነበር፤ እንጣላ ነበር።

መኪናዋን እናቴ እስክታርፍ ድረስ ነዳኋት፤ ሌላ መመላለሻ አልነበረኝም። ወንበሩን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው አጥቤዋለሁ፤ ሰው ግን አላስቀመጥሁበትም። መንገድ ላይ እጁን የሚያነሣልኝን ሁሉ "ተበላሽቷል" እለው ነበር። በኋላ ለአንድ የደሴ ሰው ሸጥኋት።

ድርቁ መጣ። ስለዚያ ዓመት ለመጻፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ይህን ብቻ ልበል፤ ጋሽ እሸቴ ለተራቡት በተሠራው መጠለያ ውስጥ መሬት ላይ ከበሽተኛ ጋር ሲቀመጡ ተስቦ ያዛቸው። እጃቸውን ይዤ ነበር። ትኩስ ነበር፤ ማፋተግ አያስፈልገውም። መዝገቡ ላይ ስማቸውን እኔ ጻፍሁ።

ይማምን ደግሜ ያየሁት ከድርቁ በኋላ ነው፤ ግራና ገበያ አጠገብ ልጆች ልንከትብ ወርደን ነበር። ጠውልጓል፤ ጢሙ ሸብቷል። ሰላምታ ሰጠኝና ሥራዬን እስክጨርስ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ። እረፍት ሳገኝ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። ስለ ልጅቱ ጠየቅሁት።

"አልሐምዱሊላህ፣ አለች። እህቴ ዘንድ ናት፤ ቁርኣን ጀምራለች።"

ዓመታት በልቤ ያብሰለሰልሁትን ያን ጊዜ ነገርሁት። ጋሽ እሸቴ የእህሉን መኪና እንጠብቅ እንዳሉኝ፣ ተቀምጣ መሄድ እንዳልነበረባት፣ መኪናዋ ዳገት ላይ እንደምትፈላ ቀድሜ አውቅ እንደነበር። አንዱንም አላስቀረሁም። ይማም በእጁ የያዘውን ጭራሮ ሲሰባብር ቆየ።

"አውቃለሁ" አለኝ። እስከዚያ ቀን "አንቱ" ነበር የሚለኝ፤ ያን ጊዜ ግን፣ "አንተ መኪናዋን ልታስጠጋ ስትወጣ ጋሽ እሸቴ ጠየቁኝ" አለኝ።

"ምን ብለው?"

"'ሚስትህ ናት፤ አንተስ ምን ትላለህ? እምቢ ካልህ አስቆመዋለሁ' አሉኝ። እኔ ያቺን መኪናህን በዚህ መንገድ ስትበር አይ ነበር። እርሻ ላይ ሆኜ ቆሜ አያት ነበር። ጆንያ ላይ ከምትጉላላ በዚያች ትሂድ አልኋቸው።" ጭራሮውን ጣለው። "ለእናቷ አልነገርሁም። ለማንም አልነገርሁም።"

ጋሽ እሸቴም አልነገሩኝም። የሁለታችንንም ምስጢር ጠብቀው ሞቱ።

"ያንተ ጥፋት አይደለም" አልሁት። "ሐኪሙ እኔ ነበርሁ።"

"ሁሉንም አንተ ብቻ አትውሰደው" አለኝ። "የኔን ድርሻ ተውልኝ። ከሷ የቀረኝ እሱም አንድ ነገር ነው።"

እጁን ዘረጋልኝ፤ ያዝሁት። ከዛፉ ማዶ ልጆቻቸውን ያቀፉ እናቶች ተሰልፈው ይጠብቁ ነበርና ተነሥቼ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።